ክዳን ያለው ጠረጴዛ

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ መኳንንት፤

እንደምን ሰንብተዋል፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ ክረምት ሲገባ የሚነሳብዎ የወገብ ሕመም እንዴት ሆነ? እትዬ አስካለማርያምስ ደህና ናቸው? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው ወይ? ዝናቡስ በጊዜው ገባላችሁ? እዚህ ቀራንዮ ከጀመረ ሰነበተ፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

እኔና ልጄ እሙ በሕይወት አለን። ከዚህ ያለፈ ደህንነት ልጽፍልዎ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ እምቢ ይለኛል። ይህን ወረቀት ብቻዎን ሆነው እንዲያነቡት፣ አንብበው ሲጨርሱም እሳት ውስጥ እንዲጨምሩት እለምንዎታለሁ። በፖስታ ቤት ያልላክሁትም ስለዚሁ ነው። ይዞልዎ የመጣው ሰው መገርሳ ይባላል፤ ከባለቤቴ ከወንድይፍራው ጋር በአንድ ቤት የሚሠራ አናጢ ነው። ጣውላ እንዲያመጣ ወደ ጎጃም ሲላክ ነው አደራ ያልሁት። እንደ ራሴ ይመኑት።

ከገና ወዲህ አልጻፍሁልዎትም። ረስታን ነው ብለው እንዳላዘኑብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የሆነውን ሳልነግርዎ ሌላ ወሬ መጻፍ ውሸት ሆኖ ታየኝ፤ የሆነውን ለመጻፍ ደግሞ አቅም አጣሁ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ዓመቱ ሲገባ፣ ጦርነቱ እንደበረታ፣ በየመሥሪያ ቤቱ መብራት ቆጥቡ፣ ወረቀት ቆጥቡ፣ ቢሮአችሁን በሥርዓት ያዙ የሚል መመሪያ ወረደ። ወንድይፍራው የሚሠራበት የተወረሰው የዕንጨት ሥራ ቤትም መብራት የሚቆጥብ፣ ወረቀት የማያዝረከርክ የቢሮ ጠረጴዛ እንዲያወጣ ታዘዘ። ንድፉ ለወንድይፍራው ተሰጠው። ያውቁት የለ፣ ደስ ሲለው ብዙ አይናገርም። ከሥራ ሲመለስ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ተንበርክኮ ይስላል። እሙ እርሳሱን እየነጠቀች ስትሮጥ እንኳ አይቆጣትም፤ ሌላ እርሳስ ይቀርጻል።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጠረጴዛው መስኮት ሥር ተቀምጦ የቀኑን ብርሃን ይጠቀም፤ ገጹ ነጭ ተቀብቶ ብርሃኑን ይመልስ፤ ፊት ለፊት ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች በመካከላቸው አንድ አምፖል ይብቃቸው። ወረቀት እንዳይበታተን ከፊት በኩል ባለ ብዙ ክፍል መደርደሪያ ይኑረው። ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ደግሞ ሁሉን የሚሸፍን፣ እንደ መጋረጃ ወርዶ የሚቆለፍ ክዳን።

ለመሞከሪያ የተሠሩት ሁለት ጠረጴዛዎች እኔ ታይፕ ወደምመታበት መሥሪያ ቤት መጡ። አንዱ ለእኔና ለሒሳብ ሠራተኛው ለሀምዱ ደረሰን። ሌላው መዝገብ ቤት ለሚሠሩት ለወይዘሮ ወርቅዬ ሆነ። ወንድይፍራው ብቅ እያለ ምኑ አልተመቻችሁም ብሎ ይጠይቃል። ሀምዱ፣ እኔ ታይፕ ስመታ አምፖሉ እየተንቀጠቀጠ ቁጥሩ ሁሉ እንደሚጨፍርበት ነገረው። እኔም ነጩ ቀለም እኩለ ቀን ላይ ዓይኔን ይወጋኛል አልሁት። ወይዘሮ ወርቅዬ አጭር ሴት ናቸው፤ መደርደሪያው ረዝሞባቸው ወንበር ላይ እየወጡ መሥራታቸውን በምሬት አስረዱት። እሱ ግን የተነቀፈ አይመስልም ነበር። ሁላችሁም ጥሩ ነው ብላችሁ ብታሰናብቱኝ ምን ይዤ እመለሳለሁ ይለን ነበር። አምፖሉን ከጠረጴዛው ነቅሎ ግድግዳው ላይ አሠረው፤ ነጩን ቀለም አደብዝዞ ግራጫ አደረገው፤ መደርደሪያውንም ዝቅ አደረገ። ክዳኑን ግን የነቀፈ አልነበረም። የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ ክዳን ይኑረው ብለው ገና ከጅምሩ የለመኑትም ወይዘሮ ወርቅዬ ነበሩ።

በጥር ወር የአስተያየት ስብሰባ ተጠራ። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ሰው መጣ፤ ጠረጴዛው አዳራሹ ፊት ተቀመጠ። መድረኩን የያዘው የውይይት ክበባችን ሊቀመንበር ነበር፤ ስሙን አልጽፍም። ሰው በሙሉ ልቡ ተናገረ። እግር ማሳረፊያ ቢኖረው ያለ አለ፣ መሳቢያው ይጠብቃል ያለም አለ፤ ወንድይፍራውም ቆሞ እየሰማ እሺ ይላል። ሊቀመንበሩ ተነሣና ክዳኑን ወደ ታች ስቦ ዘጋው።

"ይህ ቁልፍ ለምንድን ነው?" አለ።

ወንድይፍራው ክዳኑ ለውሃና ለአቧራ፣ ቁልፉ ደግሞ ማህተምና ሰነድ እንዳይጠፋ መሆኑን ነገረው።

"ሠራተኛ ከሠራተኛ የሚደብቀው ምን አለ?"

"ምንም የለም፤ እኛ የምንከላከለው ዝናቡን ነው" አለው።

ከኋላ በኩል ጥቂት ሰው ሳቀ። ጋሼ፣ ያ ሳቅ ነው የፈጀን። የሊቀመንበሩ ፊት ተለወጠ፤ ይህን ክዳን የሚደግፍ ካለ ተነሥቶ አስተያየቱን ይስጥ ብሎ እያንዳንዳችንን ማየት ጀመረ። እስከዚያ ለመናገር ሲሻማ የነበረ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ልነሣ ስል ወንድይፍራው ከፊት ሆኖ አየኝና በቀስታ ራሱን ነቀነቀ። እሙን አስቦ እንደሆነ ገባኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ወርቅዬ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ሁላችንም እንድንሰማ ተናገሩ።

"ክዳኑን ሥራልኝ ብዬ የለመንሁት እኔ ነኝ። ለጣሪያው ስንት ጊዜ ባመለክት የሰማኝ የለም። ይሄ ሰው ሰማኝ፤ ጥፋቱ ይሄ ነው" አሉና ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ አስተያየቱ ተመዝግቧል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃዎች መጡ። ወንድይፍራው ራት ላይ ነበር። ለጥቂት ጥያቄ ነው፣ ይመለሳል አሉኝ። አልጋ ሥር ጠቅልሎ ያስቀመጣቸውን ንድፎች በሙሉ አወጡ። እጁን ታጠበ፣ ኮቱን ለበሰ፣ እሙን ግንባሯን ሳማት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ "ገና አልመሸም እኮ፣ መብራቱን አጥፊው" አለኝ። ከአፉ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ክሱ ለአናርኪስቶች የመሣሪያና የወረቀት መደበቂያ ፈልስፏል የሚል መሆኑን የሰማሁት ከርሜ ነው።

ቀበሌ እስር ቤት ጥቂት ቆይቶ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ተዛወረ። በየቀኑ ስንቅ እወስዳለሁ፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልኝ በልቷል ብዬ ተመስገን እያልሁ እመለሳለሁ። ወይዘሮ ወርቅዬ ይተዉ ብላቸው አልሰማ ብለው የክዳኑን ነገር ሊያስረዱ ቀበሌ ሄዱ። እዚያው አስቀሯቸው። ሲለቀቁ ውስጥ እግራቸው ተገርፎ ቆስሎ ነበር፤ ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ምን አሉዎት፣ ምን አደረጉዎት ብዬ ባስጨንቃቸው፣ ክዳኑን ለሌላ ነገር ነው ያሠራሁት በዪ አሉኝ፣ አላልሁም ብለው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ አንሥተውት አያውቁም።

ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ አንድ ቀን ጠባቂው ስንቁን እንደሞላ መለሰልኝ። ከእንግዲህ አትምጪ አለኝ። ሌላ እስር ቤት ተዛውሮ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው ፊቱን አዞረ። ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እኔ ግን አላምንም ብዬ በማግስቱም ሄድሁ፤ ከሰልፉ አስወጡኝ። በኋላ መገርሳ በሚያውቀው ሰው በኩል አጣራልኝ። ወንድይፍራው የለም። ሬሳውን አልሰጡኝም፤ የት እንደጣሉትም አላውቅም።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አጥቼው አይደለም። ይቅር ይበሉኝ፣ ሌላ መንገድ አጣሁ።

እዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሟች አይለቀስም፤ ድንኳን አይጣልም፣ ጥቁር መልበስም ያስጠይቃል። መርዶውን በሰማሁ ማግስት ታይፕ ስመታ ዋልሁ። ከሥራ ስመለስ ጎረቤታችን ዘሀራ በር ላይ ጠበቀችኝ። ባሏ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ወፍጮ ቤት አለው። ምንም ሳትጠይቀኝ እሙን ለልጆቿ ሰጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝና ከወፍጮው ጀርባ፣ ጆንያ ከተቆለለበት አስቀመጠችኝ። ባሏንም ሞተሩን አታጥፋው አለችው።

"እዚህ አልቅሺ፣ ማንም አይሰማሽም" አለችኝ።

እዚያ አለቀስሁ፣ ጋሼ። ስሙን እየጠራሁ ጮኽሁ፤ ጩኸቴን እኔም በደንብ አልሰማውም። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። ዱቄት ለብሰን ወጣን። ለወንድይፍራው የተደረገለት ለቅሶ ይኸው ነው።

ጠረጴዛው አሁን በብዛት እየተሠራ ነው፤ ክዳን የለውም። የሠራተኛው አስተያየት ሁሉ ተካቶበታል ተብሎ በስብሰባ ተነግሮናል። ለእኛም ቢሮ መጥቶልን በዚያው ላይ እሠራለሁ። አምፖሉ አይንቀጠቀጥም፣ ቀለሙም ዓይን አይወጋም። መገርሳ አንዳንዴ ሲያገኘኝ፣ መደርደሪያውን በዳሰስሁት ቁጥር የወንድይፍራው እጅ ነው የሚመስለኝ ይለኛል። እኔ እንዲህ ያለ መጽናኛ አላገኘሁበትም። ዕቃ ነው፤ ወረቀቴን አስቀምጥበትና አነሣለሁ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ወይዘሮ ወርቅዬ መዝገቡን በላስቲክ ሸፍነው ነው የሚወጡት።

እሙ አባቷ ዘመቻ የሄደ ይመስላታል። እንዲህ ያልኋት እኔ ነኝ፤ ከልጆች ጋር ስትጫወት እንዳታወራው ብዬ። መቼ እንደምነግራት አላውቅም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው የጻፍሁት። ከእናንተ ማዶ ያሉት የወንድይፍራው እናት እማማ ቀለመወርቅ ምንም አያውቁም። ለሐምሌ ሥላሴ ይመጣልኛል ብለው ለሰው ሁሉ እየነገሩ መሆናቸውን ሰማሁ። ከመንገደኛ አፍ ወይም ከገበያ እንዳይሰሙት እፈራለሁ። ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይዘው፣ ካህንም ጨምረው፣ ማለዳ ይሂዱላቸው። ከአልጋቸው ሳይወርዱ፣ ሰው ከቧቸው ሳለ ይንገሯቸው። ታሞ ሞተ አይበሏቸው፤ ማን አስታመመው ብለው ሲጠይቁ የምትመልሱት አይኖራችሁም። ምንም ሳያጠፋ ገደሉት ይበሏቸው። እዚያ አገር ጮኸው ማልቀስ ይችላሉ፤ ያልቅሱለት። ፍታቱም እዚያው ይደረግለት።

ለእትዬ አስካለማርያም እግራቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ከእማማ ቀለመወርቅ በፊት እንዳይሰሙ። ልጆቹን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ፤ ትልቋን ብርቱካንን ትምህርቷን እንዳትተው ይንገሩልኝ። ለክርስትና አባቴ፣ ለጎረቤቱም በሙሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ዘሀራም ሳታውቅዎ ሰላም በይልኝ ብላለች።

ለእማማ ቀለመወርቅ ግን እስከዚያች ማለዳ ድረስ ከእኔ ሰላምታ እንዳያደርሱ። የእኔን ከሰሙ የእሱን ይጠይቃሉ።

እህትዎ በላይነሽ
ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 12 ቀን 1970 ዓ.ም.