ግጥም ያጣችው ቦታ

ውድ ጌታነህ፣

ከተለያየን እነሆ ዓመት ሞላን። የሙት ዓመትህን ተዝካር ባለፈው እሑድ አወጣንልህ። ጠላው ትንሽ ቀጥኖ ነበር፤ ብትኖር ሳትተርበን አታልፍም ነበር። ቤትህ ደህና ነው። ቡሬ ወንድ ጥጃ ወልዳለች። ገብሱም ሳይበሰብስ ገብቷል። በጎቹ ተሸልተው ከጸጉራቸው ለእናትህ የሚደርቡት አዲስ ባና ተሠራላቸው። እኔም ሞላሌ ትምህርት ቤት ማስተማሬን አልተውኩም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ዘፈንህ ሸክላ ነው። አንተን ከቀበርን ብዙም ሳይቆይ የባንድህ ልጆች ከነማጫወቻው ከአዲስ አበባ ይዘውልኝ መጡ። ስንት ዓመት የደከማችሁበት የመጀመሪያ ሸክላችሁ፣ አንተ ሳታየው ወጣ። ልጆቹ ሊያሰሙን ሲሉ እናትህ ከመደቡ ብድግ ብለው «የልጄን ሬሳ ሁለተኛ አታውጡብኝ» አሉ። ሐዘን ቤት ዘፈን አይሰማምና ማን ይናገራቸዋል? ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ተናድጄ ነበር። ድምፅህ ከጆሮዬ እየጠፋ ነበር። መልክህን ፎቶው ያስታውሰኛል፤ ድምፅህን ግን እያደር እያጣሁት፣ እሱ እዚያው ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

እናትህ መቼም የአዝማሪ ነገር አይሆንላቸውም። የገበሬ ልጅ ሆነህ ማሲንቆ መያዝህ ሳያንስ፣ እሱን ጥለህ ያንን በኤሌክትሪክ የሚጮህ ጊታር ስታነሣ ጭራሽ ባሰባቸው። አገሩ ሁሉ በየሠርጉ ግጥም ሲሰጥህ፣ አንተም «አቤት!» እያልክ ስትቀበል፣ እሳቸው አንድ ቀን አንዲት ስንኝ አልሰጡህም። ይህ እንደሚከነክንህ አውቅ ነበር።

ስቱዲዮ ውስጥ ጉድ የሠራህስ ይኸው የሠርግ ቤት ልማድህ አይደል? ዘፈኑ መሐል ላይ ዝም ብለህ ግጥም የሚሰጥህ ሰው ጠበቅህ። ባዶ ክፍል ውስጥ ማን ይስጥህ? ከመስተዋቱ ወዲያ ያለው ቀጂ «ቀጥል» ለማለት እጁን ሲያወዛውዝ፣ ግጥም ሊሰጥህ መስሎህ «አቤት!» አልከው። ጓደኞችህ ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው መጫወታቸውን ቀጠሉ። ቴፑ ስላለቀ እንደገና አልተቀዳም፤ እንዲያው ታተመ። ስትነግረኝ እየሳቅህ ነበር፤ ማፈርህን ግን አውቄብሃለሁ።

ሰኞ ጠዋት እናትህ ጥቁራቸውን አወለቁ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው «ያንን ነገር አምጪው፤ ዓመቴን ጨርሻለሁ» አሉኝ። እሺ ብዬ ሣጥኑን ከፈትኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ገና ድምፅህ ሲወጣ እኔ አለቀስኩ፤ ያው የራስህ ድምፅ ነው፣ ያ መጨረሻው ላይ ሻከር የሚለው። ያቺ ቦታ ስትደርስ አንተ ዝም አልክ፤ ጊታሩ ብቻውን ቀረ። ይህን ጊዜ እናትህ፣

በጉ ተሸለተ፣ ገብሱም ተከተተ፣
ቤቱ ሁሉ ሞልቶ፣ ልጄስ የት ሸፈተ?

አሉ። አንተም «አቤት!» አልካቸው።

እናትህ ዞሩ። ማጫወቻውን ትንሽ አዩትና «ድሮም ስጠራው ይዘገያል እንጂ አይቀርም» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ማልቀሳቸውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

አሁን ሸክላው መደቡ ላይ ነው፤ ከአዲሱ ባና ሥር፣ ብርድ እንዳይመታው ብለው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅም በበዓል በበዓል ብቻ እንዲሰማ ፈርደዋል። ፋሲካን እየጠበቅን ነው። እኔ እንደ እሳቸው ግጥም አይመጣልኝም፤ በሕይወት እያለሁ ግን ያቺን ቦታ ባዶ አላሳልፋትም። አንተ ዝም ስትል፣ ጌታነህ ብዬ እጠራሃለሁ።

ባለቤትህ በላይነሽ