ቢፍቱና እኔ ስንለማመድ

ጥቅምት 3

ልጄ ቢፍቱ ከተወለደች ዛሬ ዐሥራ ሦስተኛ ቀኗ። ከምሳ በኋላ ተኛች፤ ደብተር አወጣሁ።

ጠባች፣ አስመለሳት፣ ልብስ ተቀየረላት፣ እንደገና ጠባች። የቀኑ ሥራ ይኸው ነው። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ የተወለደች ቀንም አገላብጬ አየኋት። ጣት ዐሥር፣ ጆሮ ሁለት፣ ጉድለት የለም። አለፈች።

አማቴ እማማ ዳሲቱ ከኮዬ ፈጬ መጥተው እያረሱኝ ነው። መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ከተሠራ ቆየ፤ አሁን የሚያርሱት እኔን ብቻ ነው። በቀን ሦስቴ ገንፎ። "ብይ፣ ወተቱ ከዚህ ነው የሚመጣው።" ባሌ ያደታ የፋብሪካ ሰርቪስ ነድቶ ሲገባ የተረፈኝን ይጨርሳል። እስካሁን የወፈረው እሱ ነው።

ጥቅምት 9

ያደታ "ዓይኗ ያንቺ ነው" አለ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ፊርዶስ "አፍንጫዋ የአባቷ" አለች። እማማ ደግሞ "ግንባሯስ የኔ" አሉ። ተከፋፍለው ጨረሷት። ለእኔ የደረሰኝ ጩኸቷ ነው።

የመጣ ሁሉ ይጠይቀኛል። "አንጀት ትበላለች አይደል?" "በጣም" እላለሁ። ውሸት። አጠባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ ታሳዝነኛለች። ፍቅሩ ግን... የት ነው ያለው? እንግዳ ናት። መቼ እንደምትሄድ ያልነገረችኝ እንግዳ።

ስሜ ደግሞ ፍቅርተማርያም። ያወጣልኝ ሰው ሳይቸኩል አልቀረም።

እናቴ በሕይወት ብትኖር ለእሷ እነግራት ነበር? እንጃ።

ጥቅምት 22

አለቀሰች። እኔም።

ኅዳር 5

ጤና ጣቢያ ዋልን። የአርባ አምስት ቀን ክትባት። ነርሷ ሲስተር አደሴ መዝና "ጎበዝ፣ ጥሩ ጨምራለች" አለች። ጎበዟ ማን እንደሆነች አልገባኝም።

መርፌው ሲገባ ጮኸች። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ለኔ ልጅ አነባች። የእኔ ዓይን ደረቅ። ሲስተር አደሴ አየችኝ።

"አንቺስ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"ትተኛለሽ?"

"እሷ ስትፈቅድልኝ።"

ሳቀች። ዓይኗን ግን ከእኔ ላይ ቶሎ አላነሳችም። "ከፈለግሽ ያለ ቀጠሮም ነይ" አለችኝ። ምን አየችብኝ?

ኅዳር 14

ይኼን መጻፍ ያሳፍረኛል። ልጻፈው።

እማማ ለሦስት ቀን ብለው ትናንት ቤታቸው ሄዱ። ያደታ ሥራ ወጣ። ከጠዋት እስከ አምስት ሰዓት አለቀሰች። ጡት... እንቢ። እሹሩሩ... እንቢ። ለፊርዶስ ሰጠኋትና "ዳይፐር ገዝቼ ልምጣ" አልኩ። ስልኬን እንኳ አልያዝኩም።

ወረድኩ። ሱቁን አለፍኩት። ሚኒባስ ቆሞ "ቃሊቲ፣ ቃሊቲ" ይላል። ገባሁ። መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንም አያለቅስም። ረዳቱ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስለ ዘንቢሏ ይጨቃጨቃል፤ "ዘንቢሉ ከሰው እኩል ተቀምጦ..." ሲል ሳቄ መጣ። ልጅ እንዳለኝ ረሳሁ። ጭራሽ።

ቃሊቲ መናኸሪያ ስወርድ ደረቴ ረጥቧል። ወተቱ ቀሚሴን አልፎ ፈሷል። እኔ ብረሳት ጡቴ አልረሳትም። "ሐዋሳ! ሐዋሳ!" ይላል አንዱ። አውቶቡሱን አየሁት። ብዙ አየሁት። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ቤት የሚመልሰኝን የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ያዝኩ።

ቤት ስገባ እማማ ልጅቷን ታቅፈው ቁጭ ብለዋል። ፊርዶስ ብትጠብቀኝ ስዘገይባት ደንግጣ ደውላላቸው ነው። ባዶ እጄን አዩ። ቀሚሴን አዩ።

"የት ነበርሽ?"

"ቃሊቲ።"

"ምን ልታደርጊ?"

ልዋሽ ነበር። አፌ ግን "አልወዳትም መሰለኝ፣ እማማ" አለ።

ልጅቷን አቀበሉኝ። መጥባት ጀመረች። ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣

"ያደታን ስወልድ" አሉ፣ "አራት ወር ፊቱን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ለማን ይነገራል? ጎተራው ጀርባ እየሄድኩ አለቅስ ነበር።"

"ታዲያ መቼ ወደዱት?"

"ቀኑን አላውቀውም። አንድ ጊዜ ታመመና ስንቀጠቀጥ... ለካ ወድጄዋለሁ።" አሰቡ። "ዛሬም ካልሲውን ሶፋ ላይ ሲጥል ያ ነገር ይመለስብኛል።"

እያለቀስኩ ሳቅሁ።

"እኔ ብቻዬን ያዝኩት፤ አንቺ ብቻሽን አትያዢው። ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።"

ኅዳር 15

ሄድን። ሲስተር አደሴ አልደነቃትም። "ብዙ እናት ይደርስባታል። ሕመም ነው፣ ክፋት አይደለም" አለችና ሐኪም ጋ አስገባችኝ። በየሳምንቱ እየሄድኩ ላወራ ነው። እንቅልፍም ታዘዘልኝ፤ ጠዋት ጠዋት እማማ ይይዟታል፣ እኔ እተኛለሁ።

ለያደታ ሁሉንም ነገርኩት። አውቶቡሱንም።

"ሐዋሳ ብትሄጂ ልጅቷን ይዤ እመጣልሽ ነበር።"

"በምን?"

"በሰርቪሱ።"

"ሠራተኞቹስ?"

"እነሱም ሐይቁን ቢያዩ ምን አለበት?"

ከዚያ እጄን ያዘ። እስክተኛ አልለቀቀውም።

ታኅሣሥ 2

ይሻለኛል። ሁልጊዜ አይደለም። ትናንት ደግሞ ብሶ ነበር።

ዛሬ ገላዋን ሳጥባት እያወራኋት እንደሆነ ድንገት ሰማሁት። አለቃዬን እያማሁላት ነው። ጥሩ ሰሚ ናት፤ መሐል አትገባም፣ ለሌላ አትናገርም።

ታኅሣሥ 10

ክርስትና ተነሣች። ሰማንያ ቀን። ቄሱ ውሃ ውስጥ ሲነክሯት ትንፋሿ ቁርጥ አለ። "ቀስ ይበሉ እንጂ፣ አባቴ" አልኩ። ጮክ ብዬ። እማማ በክርናቸው ጎሸሙኝ። ቄሱ ፈገግ አሉ፤ ቀስ ግን አላሉም።

ታኅሣሥ 18

ከነገ ወዲያ ሥራ እገባለሁ።

ትናንት ያደታ አስነጠሰው። ቢፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ሳቀች። ለእሱ። ሦስት ወር ሙሉ ወተቱ ከማን ነው? ቀናሁ። እውነተኛ ቅናት።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሳስነጥስላት ዋልኩ። ቀጭኑን፣ ወፍራሙን፣ ሻሽ አስሬ፣ ሻሽ ፈትቼ። ፈተና እንደሚያርም አስተማሪ ዝም ብላ ታየኛለች።

በር ተንኳኳ። ፊርዶስ፣ ዝንጅብል ያፈላችበትን ፔርሙስ ይዛ። "ጉንፋኑ ጠናብሽ አይደል? እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።" እውነቱን ነገርኳት። በሩን ተደግፋ ሳቀች፤ እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ቢፍቱ አየችኝ፣ አየችኝና... ሳቀች። ፊርዶስ "ለኔ ነው" አለች። አልተስማማሁም።

ሥራ ስገባ እማማ ናቸው ይዘዋት የሚውሉት። የምትጠባበትን፣ የምትተኛበትን፣ የምታኮርፍበትን ሰዓት ጽፌ ሰጠኋቸው። ሁለት ገጽ። ወረቀቱን አገላብጠው፣

"ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ እኮ" አሉ።

"የኔን አላሳደጉም" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

ነቅታለች። ገና አላለቀሰችም። ልሂድ...