ከመሥራቹ ውሻ በታች ስለዋሉት ስለ አቶ ክፍሉ

ለተከበሩ ሚስተር ዴል ፔቲግሩ
የሜፕል ሆሎው የሣር ቦውሊንግ ክለብ ፕሬዚዳንት፣ የመቶኛ ዓመቱም የታሪክ መጽሐፍ አዘጋጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንዳላችሁ፣ ወገብዎም ጎንበስ ብሎ ኳስ ለማንከባለል እሺ እንደሚልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የነርስ ረዳትና አሥራ አንድ ዓመት የቆየሁ የክለብዎ አባል ነኝ። በአማርኛ በመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁትን አርባ ስምንት ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤ ራሳችንን ስላጣሁ፣ በዚህኛው ቋንቋ ብንፈለግ እንገኝ ይሆናል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ለወረቀቱ ጥራት አመሰግናለሁ። ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

1ኛ. የክለቡ መሥራች የነበሩት ሰው ውሻ እ.ኤ.አ. በ1931 ሜዳውን እንዴት እንደቆፈረ፣ ከነስሙና ከነፎቶው ሙሉ ገጽ ሰጥተው ስላስተማሩን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ያንኑ ሜዳ ሃያ ሁለት ዓመት ያጨዱት፣ ያጠጡትና ያስተካከሉት አቶ ክፍሉ ግን አንድ መስመር እንኳ አልደረሳቸውም።

2ኛ. ገጽ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ በሁለት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች መካከል ቆመው ይታያሉ፤ ከሥሩ «ስሙ ያልታወቀ ሰው» ይላል። ምናልባት ከዘነጉት ላስታውስዎ። አቶ ክፍሉ ከሜዳው አጠገብ ባለው ፓርኪንግ ሲሠሩ፣ በእረፍታቸው ሰዓት አጥር ተደግፈው ጨዋታውን ያዩ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና የክለቡ አንጋፋ አባል ሚስ ኢዲት አንድ ቀን «ገብተህ ሞክረው እንጂ!» ብለው ኳሱን እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ኳሱ በአንድ ጎኑ ስለሚያደላ ቀጥ አድርገው ሲለቁት ይታጠፋል፤ እርሳቸው ጠባዩን በሳምንት ለመዱት። ሣር ጠባቂው ሥራውን ሲለቅ ደግሞ ማንም ሳይለምናቸው ማጨጃውን ተረከቡ። ሣሩ በበሽታ ባለቀበት በጋ ሜዳውን በጉልበታቸው እየዳሁ እንደገና ተከሉት።

3ኛ. ገጽ አርባ አንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አባላቱ ስድስት ብቻ እንደቀሩና ቦታው ፓርኪንግ ሊሆን እንደነበር ይተርክና፣ «በማይታወቅ ምክንያት የአባላቱ ቁጥር ሃያ ደረሰ» ይላል። ምክንያቱ ይኸውልዎ። የቦታው ባለቤት ከሃያ አባል በታች ከሆናችሁ ይዘጋል ብሎ ነበር። አቶ ክፍሉ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ከአምልኮ በኋላ ጉባኤው ፊት ቆሙና «ወገኖቼ፣ አሥራ አራት ሰው ስጡኝ። ጉልበቱን የሚያመው ቢሆንም ግድ የለም» አሉ። ሳቅን። ጉልበቷን የሚያማት ብርሃነሽ ቀድማ እጇን አወጣች። በሳምንቱ ቅዳሜ አሥራ አራታችንም ሣሩን የማይጎዳ ጠፍጣፋ ጫማ አድርገን መጣን። ክለብዎን ያተረፈው የማይታወቅ ምክንያት እኛ ነን።

ባለፈው ወር በመቶኛ ዓመቱ በዓል ዕለት አቶ ክፍሉ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው ከልጃቸው ከቲና ጋር ፊት ለፊትዎ ተቀምጠው ነበር። መጽሐፉ ሲታደል «የእኔ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አሏት። ገለጠች፣ ገለጠች፤ «አባዬ፣ ፎቶህ አለ» አለች።

«ስሜስ?»

ቲና መጽሐፉን ዘጋችው። አቶ ክፍሉ ኬካቸውን ሳይነኩ ተነሡ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በሩ ላይ ሰክተውት ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አመሩ። ተከትዬ ደረስኩባቸው። «ዓባይነሽ፣» አሉኝ፣ «ይህ ሰውዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ 'ጉድ ሞርኒንግ ክፍሉ' ሲል ማንን ነበር የሚያናግረው?» አውቶቡሱ እስኪመጣ አጠገባቸው ቆምኩ። ክቡር ሆይ፣ ጥያቄው ለእርስዎ ስለሆነ እነሆ አድርሻለሁ።

4ኛ. በማግሥቱ በኢሜይል ሳመለክት «የቦታ ጥበት አጋጥሞናል» ብለው በሁለት መስመር ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። የእርስዎ የራስዎ ሦስት ፎቶዎች እንኳ እንዴት ተጨናንቀው እንደገቡ ስመለከት ችግሩ ገብቶኛል።

ከአሥራ አራታችን ሁለቱ በሞት ተለይተውናል። የቀረነው አሥራ ሁለት ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ አባልነታችንን በታላቅ አክብሮት መልሰናል። እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለው የቦውሊንግ ክለብ ተቀብሎናል፤ አቶ ክፍሉንም ቡድን መሪ አድርጓቸዋል። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ ያለፈው ቅዳሜ ግን እርጥቡን ሣር በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ትንሽ ረዝሟል» ሲሉ፣ ከዚያ ከበዓሉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

ክለብዎን ከፓርኪንግነት ለማትረፍ ሦስተኛ ሆና እጇን ያወጣችው፣ ስምዎን ከነማዕረግዎ አስተካክላ የምትጽፈው፣
ዓባይነሽ ቢራቱ

ማሳሰቢያ፦ በመጪው መስከረም ለዓመታዊው ውድድር እንግዳ ሆነን ወደ ሜዳዎ እንመጣለን። በደንባችሁ አንቀጽ ሰባት መሠረት የአሸናፊው ቡድን ተጫዋቾች ስም በሙሉ በነሐስ ተቀርጾ አዳራሻችሁ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቀራጩ ከወዲሁ ፊደሎቻችንን ቢለማመድ መልካም ነው።