መኪናህን ሸጥኳት

ሰይዶ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ ለሙት ይደርሳል ስለሚባል ነው እንጂ ልቤ እንኳ ሰላም ሊልህ አልፈለገም። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። እስከዛሬ ሰው ፊት «አላህ ይዘንለት፣ ደግ ሰው ነበር» ስል ከረምኩ። ደግነትህን አልክድም። ለቅሶ ደራሽ ፊት የማልናገረውን ግን ላንተው ልንገርህ ብዬ ተቀመጥኩ። ተቆጥቻለሁ። የባል ሐዘን መቀመጫዬን፣ ኢዳዬን ስገባም ተቆጥቼ ነው፣ ስወጣም ተቆጥቼ ነው የወጣሁት።

አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። መኪናህን ሸጥኳት። ያቺን በር የሌላትን፣ ጣሪያ የሌላትን፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዘውን የእንግሊዝ መኪናህን።

ከኩዌት ደውለህ «ዘሃራ፣ መኪና ልኬያለሁ» ያልከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ ሚኒባስ መሰለኝ። ከሐይቅ ደሴ የሚመላለስ፣ ልጆቻችንን የሚያሳድግ ሚኒባስ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ግቢው ይስፋ ብዬ የጌሾውን ተክል ሳይቀር አስነቀልኩ። አንተ በገባህ በሳምንቱ ኢሱዙ መጥቶ በራችን ላይ ያወረደው ግን የእንጨት ሳጥን ነበር። ከፈትከው። እርስ በርሱ የተበየደ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ በፌስታል የታሰረ ቡሎን፣ ሞተር። «መኪናዋስ የታለች?» አልኩህ። «ይቺው ናት፤ እኛ ነን የምንገጣጥማት» አልከኝ።

ኩዌት ጋራዥ ውስጥ ያሠራህ የነበረው እንግሊዛዊ ለራሱ ሊገጣጥማት አስመጥቶ፣ እርጅናው ሲጫነው አገሩ ሲገባ ትቶልህ እንደሄደ ነገርከኝ። በነሱ አገር ሰው ዕቃውን ገዝቶ እቤቱ መኪና ይሠራል አልከኝ። «ቀላል ናት እኮ፤ አራት ሰው ያነሳታል» ብለህ ደረትህን ነፋህ። መኪና ሰው ይሸከማል እንጂ ሰው መኪና ተሸክሞ ምን ይኮራል? ይህን ያኔም ብዬህ ነበር። ሳቅህብኝ።

ለኪራይ ብለን የሠራነውን ክፍል እሷ ገባችበት። ቀን ባጃጅ እየጠገንክ ታበላናለህ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ግን የሷ ነህ። ልጆቹ አባታቸውን ሲፈልጉ የሚያገኙት እግሩን ብቻ ነበር፤ ሌላው አካልህ ከመኪናዋ ሥር ነው። ሐያት አስረኛ ክፍል የጨረሰች ቀን ውጤቷን ይዛ መጥታ ለእግርህ ስታነብልህ አይቻለሁ። «ጎበዝ የኔ ልጅ» አልካት ከሥር ሆነህ። «እስቲ ያንን ቁልፍ አቀብዪኝ» አልካት ቀጥለህ።

አንድ ቀን ብቻ አሳፈርከኝ፣ በጊዜያዊ ታርጋ፣ ለዒድ፣ ውጫሌ እናቴ ዘንድ። መቀመጫው መሬት ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ እጄን ብዘረጋ አስፋልቱን እነካው ነበር። መንገድ ዳር የቆሙት ፍየሎች እኔን ያዩኝ ከላይ ወደ ታች ነው። ንፋሱ ሻርፔን እንዳይወስድብኝ በጥርሴ ነክሼ ሄድኩ። የጭስ ማውጫው በጎኔ እየጋለ እግሬን ለበለበኝ። ውጫሌ ስንደርስ ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ከበበን። እናቴ ከቤት ወጥታ «ልጄን በምን ውስጥ ከተህ ነው ያመጣኻት?» አለችህ። ስንመለስ የአምባሰል ተራራ ደመና ተከናንቦ ነበር፤ ወርዶ እላያችን ላይ ዘነበ። ልብሳችን እስኪጨመቅ በሰበስን። አንተ ዝናቡ አፍህ እየገባ ታንጎራጉራለህ። እኔም ሳቅሁ። ስቄያለሁ፣ አልዋሽህም። ከተጋባን እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። እሱም ያናድደኛል።

እጅህን ደረትህ ላይ ማሳረፍ የጀመርከው ከዚያ በኋላ ነው። «ጋዝ ነው» አልክ። «ስጎነበስ ተጭኖኝ ነው» አልክ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግፊትህን ለክታ «ዛሬ ነገ ሳትል ደሴ ሄደህ ልብህን ታይ» አለችህ፤ አጠገብህ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ወላሂ እሄዳለሁ፤ የመኪናዋን ፍሪሲዮን ልጨርስና» አልከኝ። ፍሪሲዮኑ አለቀ። «ታርጋውን ላስጨርስና» አልከኝ። ለታርጋው ደሴ ተመላለስክ። ቢሮው «ይህን መኪና ማነው የሠራው?» እያለ ሲመልስህ አንተ ደግመህ ትሄዳለህ፤ ደግሞ ሲመልስህ ደግመህ። ሰይዶ፣ የሆስፒታሉን በር አልፈህ እኮ ነው የምትሄደው! ለሷ ወረቀት ተሰልፈህ ከዋልክበት አንዱን ቀን ለልብህ ብትሰጠው ምን ነበረበት? ታርጋዋን ይዘህ የመጣህ ቀን እንደ ሙሽራ እየዘለልክ ገባህ። እኔ «ሐኪሙስ?» አልኩህ። «አቦ፣ ዛሬ እንኳ ደስታዬን አታበላሺብኝ» አልከኝ። ቡናህን ቀዳሁልህ።

የወደቅህ ቀን የፊት ጎማዋ ወልቆ ክሪክ ላይ ቆማ ነበር። ቁልፉ ከእጅህ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ሲጮህ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። እቤታችን መኪና ቆሞ እያለ በሰው ባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድንህ፤ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ደሴ። እጅህን ይዤዋለሁ። ላብህ ቀዝቅዟል። ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ልጆቼን አደራ ትለኛለህ፣ ወይ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ዘሃራ» ትለኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። «መኪናዋን አደራ» አልከኝ። «ዝናብ እንዳይነካት። በሳምንት አንዴ አስነሺያት።» ራሴን ነቀነቅሁልህ። ከዚያ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለህ ሸሃዳህን ይዘህ ሄድክ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰዉ «መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ሲለኝ ሸሃዳውን ብቻ ነገርኩ። ሌላውን ለማን እናገራለሁ? ለኔ አንዲት ቃል አላተረፈልኝም ብዬ?

አደራህንም ጠበቅሁ። እየረገምኳት ጠበቅኋት። ሐያት ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ አያለሁ። ባትሪውን ማሰርና መፍታት ተማርኩ። የሐይቁ እርጥበት ቱቦዎቹን ዝገት ሲያስይዛቸው በዘይት ጨርቅ ወለወልኩ። አይጥ ሽቦዋን በላው፤ አስቀጠልኩ። የፍሬን ዘይት አፈሰሰች፤ አስጠገንኩ። አገሩ ሁሉ ቤንዚን አጥቶ ባጃጅ ተሰልፎ ሲያድር እኔ የትም ለማትሄድ መኪና በጀሪካን እለምን ነበር። አንድ ቀን ስትነሳ ድምጿ ደስ አላለኝም። «አንዱ ካንዴላ አይሠራም» አልኩ። ሐያት አፏን ይዛ አየችኝ። «እማ፣ አንቺም እንደ አባዬ ሆንሽ» አለችኝ። ያን ቀን ኮፈኑን ዘግቼ ወጣሁና ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ላንተ አልነበረም ያለቀስኩት፤ ለራሴ ነው።

ሰውስ ብትል! ሊያጽናናኝ መጥቶ ፋቲሃውን ሳይጨርስ «እስቲ መኪናዋን እንያት» ይላል። የሰፈሩ ወጣት ውስጧ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። ታላቅ ወንድምህ ይመር ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ ያለበስናትን ሸራ ገልጦ ያያታል፣ ይተክዛል፣ ሸራውን ሳይመልስ ይሄዳል። ክፍሉን ላከራየው ነው፣ ልሸጣት ነው ስለው እንደ ነብር ተቆጣ።

«የወንድሜን ማስታወሻ? በሕይወት እያለሁ አይሆንም!»

«እንግዲያው ወስደህ ቤትህ አቁማት» አልኩት። «በሳምንት አንዴም አስነሳት።»

«እኔ ቦታ የት አለኝ? ደግሞስ የሞተር ነገር መች አውቃለሁ?»

«እኔ ስወለድ አውቅ ነበር?»

ተነስቶ ወጣ። እኔም ልጆቹን ሰብስቤ ሼሁ ዘንድ ሄድኩ። አደራህን ነገርኳቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገርኩት ለሳቸው ነው። «ንብረቱ አሁን የናንተ ነው፤ ተማክራችሁ የሚበጃችሁን አድርጉ። እሱም ዛሬ ከአኺራ ሆኖ ቢጠየቅ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው» አሉኝ። ሁለቱ ወንዶች «እንሽጣት» አሉ። ሐያት መሬት መሬት እያየች ቆይታ «ክፍሉ ውስጥ ሲገባ አባዬን አባዬን ይሸታል» አለች። ከዚያ እሷም «እሺ» አለች።

የገዛት ካሚል የሚባል የውጫሌ ልጅ ነው፣ ከሳዑዲ የተመለሰ። ከወጣት ሚስቱ ጋር መጣ። ሸራውን ስገልጠው ፊቱ ላይ ያየሁትን አውቀዋለሁ፤ ሳጥኑን ስትከፍት አንተ ፊት ላይ አይቼዋለሁ። እንዳይታለል ብዬ ሳይሆን ከጥላቻዬ ጥፋቷን ሁሉ ዘረዘርኩለት። ትንሽ ድንጋይ ካለ የዘይት መያዣዋን ትጋጫለች አልኩት። በዝናብ አትሆንም፣ በፀሐይ አትሆንም። ካርቡሬተሮቿ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይቀየማል። ቡሎኖቿ በመንገድ ይላላሉ፤ ከያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቁልፍ ይዘህ መዞር አለብህ። ልጅ አትይዝም፣ ዕቃ አትይዝም። እኔ ባጥላላኋት ቁጥር የሱ ዓይን እየበራ ሄደ። «እትዬ፣ እርስዎ እንዴት ይወዷታል!» አለኝ።

እሱ ከሥሯ ሲገባ ሚስቱ በሩ ላይ ቀረች፤ እጆቿን አጣጥፋ የባሏን እግር ታያለች። ወደ ጓዳ ወሰድኳት። «ስሚኝ የኔ እህት» አልኳት። «መኪናዋን አትጥያት፤ ጠልቻት አይቼዋለሁ፣ ምንም አይጠቅምም። ባልሽ ደረቴን ካለሽ ግን፣ ራሴን ካለሽ፣ ልጨርስና ካለሽ፣ እንዳትሰሚው። ቁልፉን ከእጁ ንጠቂው። ይቆጣሽ። ደስታዬን አበላሸሽብኝ ይበልሽ። አበላሺበት!» ልጅቷ ደነገጠች። የኔም ድምፅ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል አሉ። እሷ ግን እጄን ሳመችኝ። ያንተን በሽታ ለሰው እንዲህ ጮኼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ካሚል አስነስቷት ሲወጣ ወንዶቹ ልጆችህ እስከ አስፋልቱ ሮጡ። ሐያት አልወጣችም። እኔ ግቢ ቆሜ ድምጿን ሰማሁ። ማርሽ ሲቀይር ተንተባተበች፣ ከዚያ ተስተካከለች፣ ወደ ውጫሌ ወጣች። ቀልሎኛል ብልህ ደስ ባለኝ። አልቀለለኝም። ሌሊቱን ግን ተኛሁ።

ይመር ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። መስጊድ በር ላይ ካየኝ ፊቱን ያዞራል። ያዙር። ላንተ የሚገባውን ቁጣ እሱ ለኔ አደረገው፤ ሐዘን መሄጃ ሲያጣ እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ። አንድ ቀን ይመለሳል። ካልተመለሰም የልጆቹ አጎት መሆኑ አይቀርም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ባለፈው ወር ራሴን ያዞረኝ ነበር። ድካም ነው አልኩ፣ ፆም ነው አልኩ። ከዚያ የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ ያንተ ድምፅ ነበር። በነጋታው ሐያትን ይዤ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩና ደሴ ሄድኩ። ያለፍከውን በር ገባሁበት። ሰው ይበዛል፣ ሰልፉ ይሰለቻል፣ ወንበሩ ያማል፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግን ጨረስኩ። ሰይዶ፣ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ግፊት ነው አሉኝ። ጠዋት ጠዋት የምውጠው ኪኒን ሰጡኝ። ከበሩ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሐያት ኪኒኑን ፈርቼ መስሏት «እማ፣ ቀላል ነው ብለውሻል እኮ» አለችኝ። እኔ ያስለቀሰኝ ቀላልነቱ ነው።

አውፍ አላልኩህም። ሞክሬያለሁ፤ ከሱጁድ ስነሳ ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ዱዓ ግን አንድም ቀን አላስቀረሁብህም፤ ጥርሴን ነክሼም ቢሆን ስምህን እጠራለሁ። ነገም እጠራለሁ። ልጆቹ እግርህን ብቻ ሳይሆን ፊትህንም እንዲያስታውሱ በዝናብ ውስጥ ስታንጎራጉር እንዴት እንደነበርክ እነግራቸዋለሁ፤ ያን ቀን ያየሁህ እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ከረሳሁት ማንም አያውቀውም። ስለዚህ አልረሳህም። ልከተልህም አልቸኩልም። ኪኒኔን እየዋጥኩ፣ አርጅቼ፣ የልጅ ልጅ አቅፌ ነው የምመጣብህ፤ ያኔ ቁጭ ብለህ ትሰማኛለህ።

ዘሃራ