ኩላሊትን ለእማዬ ማስረዳት

እሑድ፣ ኤፕሪል 5፣ 2015፣ ከሰዓት

ፊዚዮሎጂ፣ የኩላሊት ምዕራፍ። እንደገና። ገጹ በቢጫ ቀለም ተጥለቅልቋል፤ ያላሰመርኩበት መስመር የለም። መጽሐፉን ስዘጋው ጭንቅላቴ ባዶ። ያለፈውን ፈተና የወደቅኩት እንዲሁ ሳነብ፣ ሳሰምር ነው። ይህን ከደገምኩት ዓመቱም ይደገማል። አባዬ እዚህ ዐረብ አገር፣ ሱለይማኒያ ሰፈር የሰው መኪና እየነዳ ነው የሚያስተምረኝ። መድገም የለም። ኸላስ፣ በቃ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ቢጫ ቀለሙን ጥዬዋለሁ። ጥቂት ገጽ አነባለሁ፣ እዘጋለሁ፣ የቀረልኝን በባዶ ወረቀት እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሁለት መስመር ብቻ። አፈርኩ። ተመልሼ የጎደለውን ብቻ አነበብኩ። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ወረቀቱ ሞላ። ይሠራል!

ኀሙስ፣ ኤፕ. 9

እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ መጽሐፉን ዘግቼ በአማርኛ አስረዳታለሁ። ከባድ ነው። የተማርኩት በእንግሊዝኛ፣ ምላሴ ላይ የሚቀድመው ዐረብኛ። ያልገባኝ ቦታ ስደርስ ወዲያው እንተባተባለሁ። እሷም «እሺ፣ ለምን?» ትላለች። ወደ መጽሐፉ እመለሳለሁ። የተንተባተብኩበትን ብቻ ደግሜ አነባለሁ።

ቅዳሜ፣ ኤፕ. 11

ልቤ ደንግጧል። የደም ግፊት ሲበዛ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ኩላሊቱ እንዴት እንደሚጎዳ እየነገርኳት፣ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ምንም ሳያመው?» አለች።

ምንም ሳያመው፣ አልኳት።

ከዚያ ነገረችኝ፦ የግፊት ክኒኗን የምትውጠው ራሷን ሲያማት ብቻ ነው። ካላመመኝ ምን ያደርግልኛል ብላ። ከረመዳን ወዲህ እንዲህ ናት። ተቆጣሁ። አለቀስኩ። ጭራሽ እሷ እኔን «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» ትለኛለች። ነገ ክሊኒክ።

እሑድ፣ ኤፕ. 12

ከክፍል ቀረሁ። ግፊቷ ከፍ ብሏል። ደምና ሽንት ተመረመረች። ኩላሊቷ ደኅና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ክኒኑ ግን በየቀኑ፣ ቢያማትም ባያማትም። ሐኪሙ ሲናገር ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ሁሉንም ከእኔ ሰምታዋለቻ።

ወደ ሰፈራችን ዑረይጃ ስንመለስ መኪና ውስጥ ለአባዬ ምዕራፉን ራሷ አስረዳችው። አንድ ቦታ ተሳሳተች፣ አረምኳት። አባዬ መንገዱን እያየ፣ ከነገ ጀምሮ ክኒኑን ከቁርስ ጋር እኔ ነኝ የማቀርብልሽ አላት።

ኀሙስ፣ ኤፕ. 23

ተፈተንኩ። ጥያቄውን ሳነብ መልሱ በእማዬ አማርኛ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ። አንዷን ብቻ ተጠራጠርኩ። አልፋለሁ። ኢንሻአላህ። እሱንም ያልኩት ለአደብ ያህል ነው።

እሑድ፣ ኤፕ. 26

አለፍኩ፣ ያውም በደህና ውጤት። የሐበሻ ልጅ የሆነችው የክፍል ጓደኛዬ ሰሚራ ግን ወድቃለች። መጸዳጃ ቤት ስታለቅስ አገኘኋት። ሳጠና የጻፍኩትን እንድሰጣት ለመነችኝ። የእኔ ወረቀት አይጠቅማትም፣ ራሷ መድከም አለባት። ወስኛለሁ፦ ከቅዳሜ ጀምሮ እኛ ቤት እየመጣች፣ መጽሐፉን ዘግታ፣ ለእማዬ ታስረዳለች። እማዬን አስፈቀድኩ።

«ትምጣ» አለች። «ግን ካልገባኝ አላሳልፋትም።»