ወለቴ «ዓይኗን የገለጠች» ዕለት

ለክቡር ጓድ ተክለጻድቅ፣
የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣
ዶርዜ

ጓድ ሊቀመንበር፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎስ? ሩቁንም ቅርቡንም አጥርቶ ያይልዎት ዘንድ ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። ሂስ አብዮታዊ ግዴታ መሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና፣ ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ስለጥፍ እንደ ትጉህ ተማሪዎ ይቁጠሩኝ።

፩ኛ፦ ልጄ ወለቴ ኩፍኝ ወጥቶባት፣ እናቷ በአገራችን ልማድ ብርሃን እንዳያገኛት ጓዳ ጋርዳ አስተኝታት ሳለ፣ የመሠረተ ትምህርት እንግዶች ስለሚመጡና ከሁሉ አጥርታ የምታነበው እሷ ስለሆነች ሊወስዷት እቤቴ ድረስ በመምጣትዎ እናመሰግናለን። ዓይኗ ቀልቶ እንደሚያነባ ባሳየሁዎት ጊዜ፣ አንብባ ስትጨርስ በእንግዶቹ መኪና አርባ ምንጭ ሐኪም ቤት እንደምትወርድ «ኦይታ ወንድሜ» ብለው ቃል ገቡልኝ። ወንድሜ ስላሉኝ አመንኩዎት።

፪ኛ፦ ወለቴ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ አንድም ፊደል ሳትስት አነበበች። ጭብጨባው ለእርስዎ ሆነ፤ ይገባዎታል።

፫ኛ፦ መኪናው ሞልቷል ተባልን። እንግዶቹ ጫሞ ሐይቅ ወርደው አዞ ማየት ነበረባቸው፤ እርስዎም አብረዋቸው ወረዱ። አዞ ዓይኑ ደኅና እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ። ያለ ይለፍ ወረቀት ከማኅበሩ መውጣት ክልክል ነው፤ የወረቀቱም ማኅተም በኪስዎ ነበር። ከቀናት በኋላ ተመልሰው እስኪያትሙልን ድረስ በዓይኖቿ ጥቁር ላይ ነጭ ነገር ወጣ።

በጀርባዬ አዝዬ ሳወርዳት ሐኪሙ ኩፍኝ ዓይን እንደሚያቆስል፣ ገና ሲቀላ ብናመጣት ሊያድናት ይችል እንደነበር ነገረኝ። አሁን ጠባሳው ሁለቱንም ሸፍኗቸዋል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔ ግን የወደቅኩት በልጄ ላይ ነው። ኩፍኙን አልወቅሰውም፤ እሱ ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም።

ማኅተምዎ ከኪስዎ፣ ጭብጨባም ከጆሮዎ እንዳይርቅ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ሸማኔው ኦይታ፣
ቀድሞ ወንድምዎ

ማስታወሻ፦ የላኩላት የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ደርሷታል። ማኅተሙን በጣቷ እየዳሰሰች ምን እንደሚል ትጠይቀኛለች። «ዓይኗን ገልጣለች» ይላል። እኔ አላነበብኩላትም፤ ሲመችዎ መጥተው ያንብቡላት።