እውነተኛ ፍላጎቴ ግራጫ መሆኑን ለነገሩኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የሰፈራችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ በማታው ትምህርት ለተመረቁበት ፍልስፍናም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የቅርቡን አያለሁ፤ የሩቁ ነው እየደበዘዘብኝ የሄደው፤ ይህን የምጽፍልዎትም በእሱው ምክንያት ነው።

በመንገዳችን ያሉ የግቢ በሮች ሁሉ ግራጫ እንዲቀቡ ባዘዙት መሠረት የቀረው የእኔ ቢጫ በር ብቻ እንደሆነ፣ እስከ ሰኞ ካልቀባሁትም ሠራተኛ ልከው እንደሚያስቀቡት የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ስለ ጨዋ አጻጻፉ እያመሰገንኩ፣ ያልገባኝን በተራ ላቅርብ።

1. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በሩ እንዳለ እንዲቆይልኝ ስለምንዎ፣ ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ ስለ መንግሥት ምንነት አስረድተውኛል። መንግሥት አንድ አካል፣ እኛ ደግሞ ጣቶቹ እንደሆንን፣ ሰው የሚመኘው ሌላ፣ በእውነት የሚፈልገው ግን ሌላ እንደሆነ፣ ይህንንም ከራሱ ይልቅ የሁላችን የጋራ ፈቃድ እንደሚያውቅለት፣ ለዚያ መታዘዝም ነጻነት እንደሆነ ከነገሩኝ በኋላ፣ «አባባ፣ እውነተኛ ፍላጎትዎ እኮ ግራጫ ነው» ብለውኛል። ከስድስተኛ ክፍል ላላለፈ ሰው ይህን ያህል መድከምዎን አልረሳም። ቤቴ ገብቼ ጸሎቴን ካደረስኩ በኋላ ውስጤን በደንብ ፈተሽኩ። ቂም አገኘሁ፤ ስንፍና አገኘሁ፤ ትንሽ ትዕቢትም አላጣሁም። ግራጫ ግን የለም። ምናልባት እርስዎ ዘንድ ተቀምጦልኝ ከሆነ መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል።

2. በሩን ቢጫ የቀባችው ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ናት። ዓይኔ መድከም በጀመረ ሰሞን ብሩሽ ይዛ ወጣች። ቀለሙ አልጮኸም ወይ ብላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንዲጮህ ነው እንጂ! እኔ የሌለሁ ቀን ማን ይጠራሃል?» አለችኝ። እሷ ከሄደች ወዲህ ከጸሎት ስመለስ ከመንገዱ ጫፍ የሚታየኝ ያ ቢጫ ብቻ ነው። ስለ ነጻነት አንድ ገጽ ሳታነብ፣ የሰው እጅ ሳልይዝ ወጥቼ እንድገባ አድርጋኛለች። ነጻነት ከዚህ የተለየ ነገር ከሆነ ያርሙኝ።

3. የዓይን ነገር የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ጎረቤቴ ጸጉር አስተካካዩ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ሲመለስ የልብስ ሰፊዋን በር የራሱ መስሎት እየደበደበ፣ «አንቺ፣ ተኛሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እሷም እንደ እኔ የትዳር ጓደኛዋን የቀበረች ናት፤ ብቅ ብላ፣ «እንዲህ የሚቆጣኝ ካጣሁ ስንት ጊዜዬ! ግባ እልህ ነበር፤ ሚስትህ ግን ቀጥሎ ባለው ግራጫ ነው የምትጠብቅህ» አለችው። ጣቶችዎ ተቀላቅለዋል ክቡርነትዎ፤ የትኛው የማን እንደሆነ አካሉም ሳይጨነቅ አይቀርም።

ሁሉም ቀብቶ እኔ ብቻ የቀረሁት እልኸኛ ሆኜ ይሆን ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ይሆናል። ፍልስፍናዎንም አልንቅም፤ ሰው ለጎረቤቱ ማሰብ አለበት የሚለው ላይ አንድ ነን፤ ቆሻሻዬን መንገድ ላይ ብጥል ጆሮዬን ይያዙኝ። የምፈራው ሌላ ነው። ፍላጎቴን ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው፣ ነገ ደግሞ ሐዘኔን ከእኔ በላይ አውቃለሁ ሊለኝ ነው። ሁሉን የሚያውቀው ፈጣሪ እንኳ የሰውን ልብ ሲሻ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ ቀለም ቀቢ አይልክም።

ስለዚህ በሩን አልቀባም። ሠራተኛዎ ሰኞ ከመጣ አልታገለውም፤ ጉልበቱም የለኝም። ወንበር አውጥቼ በሩ ሥር እቀመጣለሁ፤ ዙሪያዬን ይቅባ።

ለደከሙልኝ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ አምላክ ዕድሜና፣ ቢቻል፣ ትንሽ ጥርጣሬም ይስጥዎት።

ከወገብ ዝቅ ባለ አክብሮት፣
ከእጅዎ ያልተቆረጠችው ትንሿ ጣት

ማስታወሻ፦ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስለ ዜጎች ነጻነት ለሚሰጡት፣ መቅረት ለሚያስቀጣበት ገለጻ የላኩልኝ መጥሪያ ዛሬ ደርሶኛል። ቦታው «ከቢጫው በር ፊት ለፊት ባለው አዳራሽ» ይላል። ሠራተኛዎ ጠዋት ቀድሞ ከመጣ፣ ለሚቀሩት ሁሉ ከወዲሁ ምሕረት እለምናለሁ፤ ነጻነቱን ንቀው ሳይሆን ቦታው ጠፍቷቸው ነው።